ትዳሩ ቢፈርስም ኮሌጁ አይቀርም
በአሜሪካ የሚኖሩ የተፋቱ ወላጆች ስለ ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ፣ ስለ ፋፍሳ እና ስለ ታክስ አስቀድመው ሊነጋገሩባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ባለፈው ኦክቶበር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የታላቅ እህቴ አፓርታማ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። የ17 ዓመቷ ልጇ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻዋን ትሞላለች። ድንገት ቀና አለችና «እማዬ፣ እዚህ ጋ ወላጅ ይላል። ማንን ልጻፍ? አንቺን ነው አባዬን?» ስትል ጠየቀች።

እህቴ ጀበናውን መልሳ ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው። መልስ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም።

እህቴና ባለቤቷ ከተፋቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። የፍቺ ስምምነታቸው ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ቅዳሜና እሁድን የት እንደምታሳልፍ፣ አባቷ በየወሩ ስንት ቀለብ እንደሚቆርጥ፣ መኪናው ለማን እንደሚሆን ሳይቀር ይናገራል። ስለ ኮሌጅ ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። ልጅቷ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፤ ኮሌጅ ሩቅ አገር ይመስል ነበር።

ይህ ጉዳይ እኔን የነካኝ በሌላም ምክንያት ነው። የእኔም አባትና እናት የተለያዩት ሃይስኩል ሳለሁ ነው። እጅግ የተመኘሁት አንድ የግል ኮሌጅ ተቀብሎኝ ነበር። የገንዘብ ድጋፍ ለመስጠት ግን የአባቴን የገቢ ቅጽ ጠየቀ። አባቴ «የእኔ ገቢ እነሱን ምን አገባቸው?» ብሎ ሳይሞላው ቀነ ገደቡ አለፈ። እናቴ ሁለት ሥራ ትሠራ ነበርና ክፍያው ከአቅማችን በላይ ሆነ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ፣ በስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ተምሬ፣ ዛሬ በማርኬቲንግ ባለሙያነት እሠራለሁ፤ አልጸጸትም። ነገር ግን የእህቴ ልጅ በወላጆቿ ዝምታ ምክንያት በር ሲዘጋባት ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ ለሳምንታት መመሪያዎችን አነበብኩ፣ የታክስ ባለሙያም አማከርን። ያገኘነውን ለእርስዎም ላካፍል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋፍሳ አንዱን ወላጅ ይጠይቃል፤ የትኛውን?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከፋፍሳ እንጀምር። ፋፍሳ የፌደራል መንግሥት የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ነው። ነፃ ነው። የማይመለሰው ፔል ግራንት፣ የፌደራል ብድር፣ አብዛኛው የስቴት እርዳታና የብዙ ኮሌጆች ድጋፍ የሚሰጠው በዚህ ቅጽ መነሻነት ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የድሮውን ደንብ ነው። ቀደም ሲል ቅጹን የሚሞላው፣ ልጁ ባለፉት 12 ወራት ብዙውን ጊዜ አብሮት የኖረው ወላጅ ነበር። ከ2024–25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ይህ ተለውጧል። ተፋተው ለየብቻ የሚኖሩ ወላጆች ከሆኑ፣ ቅጹ ላይ የሚገባው ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ የገንዘብ ድጋፍ ያደረገው ወላጅ ነው። ድጋፉ እኩል ከሆነ፣ ገቢውና ሀብቱ የሚበልጠው ወላጅ ይሞላል። ተፋተው አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የሁለቱም መረጃ ይገባል።

እኛም በዚያው ቅዳሜ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣን። ከቤት ኪራዩ የልጅቷ ድርሻ በዓመት 12,000 ዶላር፣ ምግብ 3,600፣ የጤና መድንና ሕክምና 2,000፣ ልብስና የትምህርት ቤት ወጪ 1,900 ሆኖ በድምሩ 19,500 ዶላር መጣ። እህቴ «ይኸው፣ ሁሉም የእኔ ነው» አለች። አይደለም። አባቷ በወር 600 ዶላር፣ በዓመት 7,200 ዶላር ቀለብ ይልካል፤ ይህ የሚቆጠረው ለእሱ ነው። ስለዚህ ከእህቴ ድርሻ ሲቀነስ 12,300 ይቀራል። እሱ ደግሞ ቀለቡን ጨምሮ፣ የልጅቷን ስልክ 600 ዶላር ደምሮ 7,800 አውጥቷል። ስለዚህ ፋፍሳውን የምትሞላው እናት ናት። ይሁንና ቀለቡ ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችል እንደነበር ልብ ይበሉ። «ልጁ እኔ ጋ ስለሚኖር እኔ ነኝ» ብሎ መደምደም ከእንግዲህ አይሠራም።

ሌሎች ማወቅ የሚገባዎት ነጥቦችም አሉ።

ቅጹን የሚሞላው ወላጅ ዳግም አግብቶ ከሆነ፣ የእንጀራ አባት ወይም እናት ገቢም ይደመራል። «እሱ ለልጄ ኮሌጅ እንዳይከፍል ተስማምተናል» ማለት ደንቡን አይለውጠውም። በአንጻሩ ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ ፔል ግራንት ለማግኘት ያለው የገቢ ጣሪያ ከባለትዳሮች ከፍ ያለ ነው። ፔል ግራንት ቢበዛ በዓመት 7,395 ዶላር ነው።

ቅጹ የሚመለከተው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው። በ2026 መኸር ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ የሚጠየቀው የወላጁን የ2024 ታክስ ነው። በዚያ ዓመት ገና ሳይፋቱ አብረው ታክስ ሞልተው ከነበረ፣ የራስዎን ገቢ ለይተው ማቅረብ ይኖርብዎታል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካጡ ወይም ገቢዎ በፍቺው ምክንያት ከቀነሰ፣ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ማስረጃ ይዘው ይጻፉ፤ ቢሮው ሁኔታዎን አይቶ የማስተካከል ሥልጣን አለው።

ወላጁም ተማሪውም ለየራሳቸው አካውንት ከፍተው፣ አይአርኤስ የታክስ መረጃቸውን በቀጥታ እንዲልክ ፈቃድ መስጠት አለባቸው። ፈቃዱ ካልተሰጠ ተማሪው የፌደራል ድጋፍ አያገኝም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል።

ብዙ የግል ኮሌጆች ሁለቱንም ወላጆች ይጠይቃሉ

የእኔን በር የዘጋው ይህ ነበር። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ በርካታ የግል ተቋማት ከፋፍሳ ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን የኮሌጅ ቦርድ ቅጽ ያስሞላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጁ አብሮት የማይኖረውን ወላጅ ገቢና ሀብትም ማወቅ ይፈልጋሉ። የእነሱ እምነት ግልጽ ነው፤ ትዳር ሊፈርስ ይችላል፣ ወላጅነት ግን አይፈርስም። በሌላ በኩል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክን የመሰሉ የስቴት ተቋማት ፋፍሳ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ልጅዎ የሚያመለክትባቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ሲያወጡ፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የትኛውን ቅጽ እንደሚጠይቅና ቀነ ገደቡን ይጻፉ።

የእህቴ የቀድሞ ባለቤት በመጀመሪያ የመለሰው አባቴ የመለሰውን ነበር ማለት ይቻላል። ሲቆይ ግን ዋናው ጭንቀቱ ሌላ መሆኑ ገባን። ገቢውን የቀድሞ ሚስቱ እንድታይበት አልፈለገም። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሁለቱ ወላጆች የሚሞሉት በተለያየ አካውንት ነው፤ አንዱ የሞላውን ሌላው አያይም። መረጃው የሚደርሰው ኮሌጁ ዘንድ ብቻ ነው።

አባት ወይም እናት ፈጽሞ የማይገኙ ከሆነስ? አድራሻቸው የማይታወቅ፣ ለዓመታት ግንኙነት የሌለ፣ ወይም የጥቃት ታሪክ ካለ ኮሌጁ ያንን ወላጅ እንዲተውለት ተማሪው መጠየቅ ይችላል። ለዚህም ሁኔታውን የሚያውቅ ሦስተኛ ወገን፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ሶሻል ወርከር ወይም የሃይማኖት አባት የሚጽፈው ደብዳቤ ይጠቅማል። «አልሞላም ብሏል» የሚለው ምክንያት ብቻውን ግን በአብዛኛው ተቀባይነት የለውም።

አንደኛው ወላጅ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለባቸው ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። ከልጁ ጋር እዚህ ያለው ወላጅ የበለጠውን ድጋፍ ካደረገ ፋፍሳ የውጭ አገሩን ወላጅ አይጠይቅም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚያስሞላው ኮሌጅ ግን ሊጠይቅ ይችላል፤ ወላጁ ባህር ማዶ መሆኑ ነፃ አያወጣውም።

ዕቁብ፣ የአገር ቤት ኮንዶሚኒየም እና ሌላው ሀብት

በፋፍሳ የሚኖሩበት ቤት እና የጡረታ ቁጠባዎ አይቆጠሩም። በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ አክሲዮንና የማይኖሩበት ቤት ግን ይቆጠራል። ቤቱ ያለው አዲስ አበባም ቢሆን ሀብት ነው፤ ያገር ቤቱ ኮንዶሚኒየም ወይም በስምዎ የተሠራው ቤት ዕዳው ተቀንሶ መመዝገብ አለበት። ዓመታዊ ገቢው ከ60,000 ዶላር በታች የሆነና ታክሱ ያልተወሳሰበ ወላጅ በአብዛኛው ስለ ሀብቱ አይጠየቅም።

የባንክ ሂሳብዎ የሚመዘገበው ቅጹን በሞሉበት ቀን ባለው መጠን ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ሊያስብበት የሚገባው ዕቁብ ነው። ዕጣው በዚያው ሳምንት ወጥቶልዎት 20,000 ዶላር ባንክ ውስጥ ከተኛ፣ ገና የሚከፍሉት ቀሪ መዋጮ ቢኖርም ሙሉው ገንዘብ እንደ ሀብትዎ ይታያል። ገንዘቡን ለታሰበለት ነገር፣ ለምሳሌ ለክሬዲት ካርድ ዕዳ መክፈያ፣ ካዋሉት በኋላ መሙላት ሕጋዊ ነው። ገንዘቡን ወዳጅ ጋ አስቀምጦ «የለኝም» ማለት ግን ማጭበርበር ነው።

የልጅ ቀለብም በአሁኑ ደንብ በፋፍሳ የሚመዘገበው በሀብት ረድፍ ነው። ይህ ብዙ አያስፈራ፤ ከወላጅ ሀብት ላይ ለኮሌጅ ይውላል ተብሎ የሚታሰበው ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው። የእህቴ 7,200 ዶላር ቀለብ ስሌቱን ከፍ ቢያደርገው በ400 ዶላር ገደማ ነው። በልጁ ስም ከተቀመጠ ገንዘብ ላይ ግን 20 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ ለልጅዎ የሚያጠራቅሙ ከሆነ በልጁ ስም ከሚከፈት ተራ የቁጠባ ሂሳብ ይልቅ በወላጅ ስም የሚያዝ 529 የኮሌጅ ቁጠባ ሂሳብ ይሻላል። በፍቺ ስምምነት ላይም 529ኙን ማን እንደሚቆጣጠርና ለልጁ ትምህርት ብቻ እንደሚውል ይጻፍ። የሂሳቡ ባለቤት በተባለው ወላጅ ውሳኔ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ሊወጣ ይችላልና።

ታክስ፦ ልጅቷን ማን ይያዛት?

የእህቴ የፍቺ ስምምነት «ልጅቷን በታክስ ላይ በየተራ አንድ ዓመት እሷ፣ አንድ ዓመት እሱ ይይዛል» ይላል። ፍትሐዊ ይመስላል። ሲሰላ ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኮሌጅ ተማሪ ላለው ቤተሰብ ትልቁ የታክስ ጥቅም አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የተባለው ክሬዲት ነው። ለአንድ ተማሪ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር፣ ለአራት ዓመት ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ እስከ 1,000 ዶላር የሚሆነው የሚከፍሉት ታክስ ባይኖርዎትም ተመላሽ ይሆንልዎታል። ይህን ክሬዲት የሚወስደው ግን ልጁን ጥገኛ አድርጎ የያዘው ወላጅ ብቻ ነው። ለብቻው የሚሞላ ወላጅ ገቢው ከ80,000 ዶላር ሲያልፍ ክሬዲቱ እየቀነሰ ሄዶ 90,000 ላይ ያበቃል።

እህቴ በዓመት 64,000 ዶላር፣ የቀድሞ ባለቤቷ 96,000 ዶላር ያገኛሉ። ልጅቷን እሱ ቢይዛት የሚያገኘው ለሌሎች ጥገኞች የሚሰጠውን 500 ዶላር ብቻ ነው። እሷ ብትይዛት 500ውን ጨምሮ እስከ 3,000 ዶላር ልታገኝ ትችላለች። «ተራዬ ነው» በሚል እልህ በአንድ ዓመት 2,500 ዶላር ቀለጠ ማለት ነው። ክፍያውን የከፈለው አባት ቢሆን እንኳ ክሬዲቱ የሚሄደው ልጁን ጥገኛ አድርጎ ወደያዘው ወላጅ ነው። ስለዚህ የሚሻለው እሷ ይዛት፣ የእሱን 500 ዶላር በስምምነት ማካካስ ነው።

ሌሎች ሊያስታውሷቸው የሚገቡ የታክስ ነጥቦች፦

በሕጉ አሳዳጊ ወላጅ የሚባለው ልጁ በዓመቱ ብዙ ሌሊት ያደረበት ወላጅ ነው። ሌላኛው ወላጅ ልጁን ለመያዝ ከፈለገ አሳዳጊው ፎርም 8332 መፈረም አለበት። ከ2008 በኋላ ለተፈጸመ ፍቺ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ማያያዝ ብቻውን አይበቃም።

ፎርሙ ቢፈረምም ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ የሚባለው የአሞላል ደረጃ እና ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ለሌላኛው ወላጅ አይተላለፉም።

ልጁ 18 ሞልቶት በስቴቱ ሕግ ራሱን የቻለ ሰው ሲሆን፣ ለተፋቱ ወላጆች የተሠራው ይህ ልዩ ደንብ ላይሠራ ይችላል። የኮሌጅ ዓመታት ደግሞ በአብዛኛው ከ18 በኋላ ናቸውና፣ የድሮ ስምምነትዎን ፈቃድ ላለው የታክስ ባለሙያ ያሳዩ። ልጁ ለትምህርት ዶርም ውስጥ ማደሩ ግን ከቤት እንደወጣ አያስቆጥረውም።

የልጅ ቀለብ ለከፋዩ ከታክስ አይቀነስም፣ ለተቀባዩም ገቢ አይባልም። ከ2018 በኋላ በተፈጸመ ፍቺ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የሚከፈል አሊሞኒም እንዲሁ ነው።

የሚኖሩበት ስቴት ይወስናል

ወንዝ የሚሻገር ሰው ሕጉም ይለወጥበታል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የልጅ ቀለብ በመደበኛው የሚቆመው ልጁ 18 ሲሞላው ነው፤ ሃይስኩል ካልጨረሰ እስከ 19 ሊቀጥል ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ ግን እስከ 21 ዓመት ነው። እንደ ኒው ጀርሲና ኢሊኖይ ባሉ ስቴቶች ፍርድ ቤት የተፋቱ ወላጆችን ለኮሌጅ እንዲያዋጡ ሊያዝ ይችላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ወላጆቹ ራሳቸው ካልተስማሙ ማስገደድ አይቻልም። በስምምነት ከጻፉት ያስራቸዋል።

ለእህቴ ይህ ማለት ልጇ ሃይስኩል ስትጨርስ፣ ትልቁ ወጪ በሚጀምርበት ወቅት፣ ቀለቡ ይቆማል ማለት ነው። ከአባትየው መልካም ፈቃድ በቀር የሚያስከብርላት ወረቀት የላትም።

ጉድለቱን በብድር እሸፍናለሁ የሚል ወላጅም ይጠንቀቅ። ተማሪው ራሱ በመጀመሪያው ዓመት ከፌደራል መንግሥት መበደር የሚችለው 5,500 ዶላር ነው። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጆች ብድር ደግሞ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ተማሪ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ተገድቧል፤ ይህም የሁለቱም ወላጆች ብድር ተደምሮ ነው። ዕዳው የፈረመው ወላጅ ነው፤ ልጁ ቢመረቅም ወደ ልጁ አይዞርም።

አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ገጽ

እህቴና የቀድሞ ባለቤቷ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ያገናኛቸው የልጅቷ የክርስትና አባት ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱንም ቤቱ ጠራና «ስለ ትናንቱ ለመነጋገር አይደለም የጠራኋችሁ። ስለ ልጃችሁ ነው» አላቸው።

ቀላል አልነበረም። አንዴ ድምፅ ከፍ ብሏል፣ አንዴ እህቴ ተነስታ ወደ በረንዳ ወጥታ ተመልሳለች። ነገር ግን ሁለት ገጽ ወረቀት ተጻፈ። ፋፍሳውን እናት ትሞላለች። የሲኤስኤሱን ድርሻ አባት በራሱ አካውንት ይሞላል። በታክስ ልጅቷን እናት ትይዛለች፤ 500 ዶላሩን ታካክሳለች። እርዳታውና የተማሪዋ ብድር ከታሰበ በኋላ የሚቀረውን ክፍያ እንደ ገቢያቸው መጠን፣ እሱ 60 በመቶ፣ እሷ 40 በመቶ ይከፍላሉ። ጣሪያውም የስቴት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ይነጋገራሉ። ወረቀቱን ጠበቃ አይቶ በሕግ ፊት የሚጸና አድርጎ እንዲያዘጋጀው ተስማሙ።

እርስዎም በዚህ መንገድ ላይ ካሉ፣ ልጅዎ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ሳለ እነዚህን አምስት ነገሮች ይጀምሩ፦

1. የፍቺ ስምምነትዎን አውጥተው ስለ ኮሌጅ፣ ስለ ታክስና ስለ 529 ምን እንደሚል ያንብቡ። ዝም ካለ አሁን ያስጨምሩ።
2. ለልጁ የሚያወጡትን በየወሩ ይመዝግቡ፤ ቀለቡን ሁለት ጊዜ አይቁጠሩ።
3. ኮሌጆቹ የሚጠይቁትን ቅጽና ቀነ ገደብ በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለሁለቱም ወላጆች ይስጡ። የስቴት እርዳታ የራሱ ቀነ ገደብ አለው።
4. ከሁለታችሁ ልጁን በታክስ የሚይዘው ማን ቢሆን ቤተሰቡ ይበልጥ እንደሚጠቀም በባለሙያ ያስሰሉ።
5. መነጋገር ከከበዳችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው መሃል ይግባ።

የእህቴ ልጅ ማመልከቻዎቿን ልካ ጨርሳለች። ከግል ኮሌጁ ምን ምላሽ እንደሚመጣ በጸደይ ይታወቃል፤ ሊሰጣትም ላይሰጣትም ይችላል። ባለፈው ሳምንት ግን ደውላልኝ ነበር። «አክስቴ፣ አባዬ ቅጹን ሞልቶ ላከው፤ አሁን በኢሜይል ደረሰኝ» አለችኝ። ለረጅም ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ስታወራኝ ቆየች። እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ ያልደረሰኝን ያንን ኢሜይል እያሰብኩ ነበር።